ከመኪናው ሥር ያደረ ወረቀት

ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር ሊገባው ይገባል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ እሳት የሚጭርለት ነገር የለም። አየሩ ታምቆ ይግላል፣ ናፍጣው በጋለው አየር ላይ ይረጫል፣ ይነድዳል። ስለዚህ ከታንኩ እስከ ሞተሩ ባለው መንገድ ናፍጣ ብቻ መሄድ አለበት። ውሃ ከገባበት ይታመማል፤ አየር ከገባበት ይቆማል።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር፣ የደብተር የመጀመሪያ ገጽ ለዋናው ሐሳብ ይለቀቅ እል ነበር። ጡረታ ወጥቼም ልማዱ አልለቀቀኝም።

ተክሉ፣ ሰበታ

ኅዳር 19 ቀን 2008፣ እሑድ

ግቢያችን ውስጥ የሚያድረው አይሱዙ የተከራያችን የሱልጣን ነው። ሱልጣንና ባለቤቱ ፈቲያ የጓሮውን ሁለት ክፍል ከያዙ አራተኛ ዓመታቸው ነው። ከተጂ ጤፍ ይጭናል፣ ቡራዩ ወፍጮ ቤት ያራግፋል። አራት ዓመት ሙሉ ይህን መኪና በመስኮት እያየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ከሥሩ ገብቼ አለማየቴ ገረመኝ።

ዛሬ ገርባ የናፍጣ ማጣሪያውን ሊቀይርለት መጣ። ገርባ መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከእኛ ዝቅ ብሎ አስፋልቱ ዳር ነው። ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

«አካም ቡልታን፣ ባርሲሳ!» አለኝ ገና ከበሩ። እንዴት አደሩ፣ መምህር ማለቱ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላም ሌላ ስም አላወጣልኝም።

ደብተርና እርሳስ ይዤ ብቅ ስል ሳቀ። «ዛሬ እርስዎ ተማሪ ነዎት። ሲገባዎት እጅ ያውጡ።»

«ካልገባኝስ?»

«ያኔ እንደ እኛ ዝም ይበሉ።»

ያየሁትን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። ማጣሪያው ቆርቆሮ ጣሳ ይመስላል፤ ከላዩ ካለ የብረት ራስ ጋር በጥርስ ይገጥማል፣ በመካከላቸው የጎማ ቀለበት አለ። ገርባ መጀመሪያ ዙሪያውን በጨርቅ ጠረገ፤ አቧራ እንዳይገባ። ከሥሩ ጣሳ ደቀነ፣ አሮጌውን ፈታ፣ ናፍጣውን አንቆረቆረ። እዚህ ላይ እኔ ስለ ግፊት እያስረዳሁት ነበር፤ ፈሳሽ ለምን ከታች ወደ ላይ እንደሚሳብ። እሱም «እሺ፣ እሺ» እያለ የብረቱን ራስ ውስጡን በጥፍሩ ዙሪያውን ዳሰሰ፤ ጽዳት መሆን አለበት። ከዚያ የአዲሱን ቀለበት በንጹሕ ናፍጣ ቀባ፣ በእጁ አዞረ፤ ቀለበቱ ብረቱን ሲነካ ቆም አለና ሁለት ሦስተኛ ዙር ጨመረ። በመፍቻ አላጠበቀም። «በመፍቻ የሚያጠብቅ ሰው በእጁ የማይተማመን ሰው ነው» አለ። በመጨረሻ የአየር ማስወጫውን ብሎን አላልቶ የእጅ ፓምፑን ደጋግሞ ገፋ፤ አረፋ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ፤ ንጹሕ ናፍጣ ሲመጣ ብሎኑን ዘጋ።

ሰባት እርምጃ። ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሳ።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

ፍሳሽ እንዳለ ለማወቅ ማታ ከማጣሪያው ትይዩ መሬት ላይ አንድ አሮጌ የፈተና መልስ ወረቀት ዘረጋሁ፤ አራት ጠጠር ጫንኩበት። ጠዋት ንጹሕ። አንድም ጠብታ የለም። ጥግ ላይ 10/10 ጻፍኩበት።

የወይንሐረግ አየችኝ። ካገባችኝ አርባ ዓመት የሆናት ሴት አሁንም የምትስቅብኝ ነገር አላጣችም። «መኪናውንም ፈተና አስቀመጥከው?»

ኅዳር 24፣ ዓርብ

ትምህርት ቤቱ ባዶ። መንገድ ተዘግቷል፣ ተከፍቷል፣ ተዘግቷል። ሁሉም ሰው የሚለው ማስተር ፕላን ነው፤ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል ተብሎ ወጣቱ ተነስቶበታል። ታክሲ ጥበቃ ቆሜ አንድ ገበሬ ለጓደኛው ሲለው ሰማሁ፦ «መስመሩን ያሰመረው ሰው አንድ ቀን እንኳ እዚህ መጥቶ ጭቃ አልረገጠም።» ጓደኛው፦ «ቀስ በል፤ ኋላህ የቆመው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?» ኋላው የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ዞር ብዬ ሌላ ቦታ ቆምኩ።

ማደያው ናፍጣ የለውም።

ኅዳር 27፣ ሰኞ

ሱልጣን ናፍጣ በጀሪካን ከሰው ገዝቷል። ከሁለት ቀን ወዲህ መኪናው ዳገት ላይ እየደከመ ያስቸግረዋል።

ከጀሪካኑ ጥቂት በጠርሙስ ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ ሁለት ንብርብር ሆነ፤ ላዩ ወርቅማ፣ ታቹ ጣት የሚያህል ጥርት ያለ ውሃ። ጀሪካኑ ውሃ ሲቀዳበት የኖረ ነው! ሱልጣንን ጠርቼ አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ይህን ነገር እርስዎ ሲያሳዩኝ ያምራል» አለ። «ለእኔ ግን ዳገት መሃል ነው የሚታየኝ።»

አዲስ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ከገርባ ጋር ተነጋግረዋል።

ኅዳር 28፣ ማክሰኞ

ገርባ ማጣሪያውን በካርቶኑ ይዞ መጣ። ሱልጣን አልነበረም፤ ለእኔ ሰጠኝ። «ሐሙስ ከሰዓት መጥቼ እገጥመዋለሁ። እስከዚያ እንዳይነኩት፣ ባርሲሳ። ዓይንዎን አይቼዋለሁ።»

ኅዳር 30፣ ሐሙስ

ገርባ አልመጣም። ሱቁም ጋራዡም ሁሉ ተዘግቷል፤ ኔትወርክ የለም። ሱልጣን ነገ ሳይነጋ ተጂ መድረስ አለበት፤ ጤፉ ተሰፍሮ፣ ጆንያው ተሰፍቶ ይጠብቀዋል። እሱና ፈቲያ ለቅሶ ሄደዋል። የወይንሐረግ ጎረቤት ሄዳለች።

ደብተሬን ጎማው ላይ ከፍቼ አስደገፍኩና ማጣሪያውን ቀየርኩት። እኔ! በስልሳ ስምንት ዓመቴ! ሰባቱንም እርምጃ አንድ በአንድ። ጠረግኩ፣ ፈታሁ፣ የአዲሱን ቀለበት ቀባሁ፣ በእጄ አዞርኩ፣ ሁለት ሦስተኛ ዙር። አየሩን አስወጣሁ። ከታች መንገዱ ላይ ጩኸትና ፉጨት ነበር፤ እጄን አላቆምኩም። አሮጌውን ማጣሪያ ጓሮ ወስጄ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩ። እጄን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ ሽታው ግን አልወጣም። ደስ ይላል።

ሱልጣን ሲመለስ አዲሱን ማጣሪያ አይቶ ሞተሩን አስነሳ። «ገርባ መጥቶ ነበር ማለት ነው? በዚህ ቀን! እጁ ይባረክ!»

ልነግረው ነበር። ግን ሥራዬ እንደ ገርባ ሥራ ሲቆጠር መስማት ጥሩ ማርክ እንደማግኘት ሆነብኝ። ጠዋት እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ

ወረቀቱ ንጹሕ። 10/10።

ሱልጣን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣ። ሞተሩ ለመነሳት ትንሽ አንገራገረ፤ ብርዱ ነው። ከመኝታዬ ስነሳ በሩን አልፏል። ማታ እነግረዋለሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

አልመጣም። ፈቲያ በር ላይ። ስልክ አይሠራም።

ታኅሣሥ 3፣ እሑድ

ሱልጣን ሐኪም ቤት ነው። ቀኝ ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ግንባሩ ተሰፍቷል። በሕይወት አለ።

ፈቲያ የነገረችኝ ይህ ነው። ጤፉን ጭኖ ሲመለስ ሌሎች አራት መኪኖች አብረውት ነበሩ። መንገዱ ሊዘጋ ነው ሲባል ፈጥነው አለፉ። ሱልጣን ዳገቱ ላይ ሲደርስ ሞተሩ አቅም አጣ፣ ተንተፋተፈ፣ ቆመ። ወርዶ የእጅ ፓምፑን ገፋ፤ ተነሳ፤ መቶ ሜትር ሄዶ ቆመ። ደግሞ ገፋ፤ ደግሞ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ከላይ ወጣቶቹ ከታች ወታደሮቹ መጡ፤ እሱ መሃል። ድንጋዩ ከየት እንደመጣ አያውቅም። አራቱ መኪኖች ሰላም ገብተዋል።

ምናልባት የጀሪካኑ ውሃ ነው። ታንኩ ውስጥ የቀረ ውሃ ይኖራል። ውሃ እንዲህ ያደርጋል።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ

ገርባን ትናንት ወሰዱት።

ፖሊሶች ሱልጣንን አልጋው ላይ ሳለ መኪናውን መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ጠየቁት። «ገርባ» አለ። ጎኑ የተኛ አንድ በሽተኛ፣ «ታዲያ መንገዱ የሚዘጋበትን ሰዓት ያውቅ ነበር፤ የነሱው ልጅ አይደለም እንዴ?» አለ። ሱልጣንም በሕመሙ ላይ ሆኖ፣ «ሆን ብሎ ነው» አለ። ተጻፈ። ፈረመ። በግራ እጁ።

ፈቲያ ይህን ስትነግረኝ መሬት መሬት ታያለች። «ጋሼ፣ ገርባ ሠርጋችን ላይ ከበሮ የመታ ልጅ ነው። እንዲህ ያደርጋል?»

«አያደርግም» አልኳት።

ሌላ አልጨመርኩም። ለምን አልጨመርኩም?

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

መኪናውን ጎትተው አመጡት። የፊት መስተዋት የለውም። ጋቢናው ውስጥ ጤፍ ተበትኗል፤ ድንቢጦች ይለቅሙታል። ሱልጣንና ፈቲያ ወንድሙ ጋ ቡታጅራ ሄዱ፤ ክንዱ እስኪጠና። ቁልፉን ለእኔ ትተዋል።

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

ታንኩን ቀዳሁት፣ በጠርሙስ አስቀምጬ አየሁት። ውሃ የለበትም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ውሃው አይደለም።

ከጎረቤት ግንበኞች ውሃ ልክ የሚያዩበትን፣ ውስጡ የሚታይ ቱቦ ተውሼ ሁለት ቦታ ቆረጥኩት። አንዱን ከማጣሪያው በፊት፣ ሌላውን ከማጣሪያው በኋላ በመስመሩ ውስጥ አስገባሁ። የወይንሐረግን ጋቢና ላይ አወጣኋትና ቁልፉን እንድታዞር ነገርኳት።

«በስልሳ አራት ዓመቴ ሹፌር አደረግከኝ» አለች። «መንገዱ ተዘግቷል እንጂ ጂማ እገባ ነበር።»

ከማጣሪያው በፊት ያለው ቱቦ ጥርት ያለ ናፍጣ። ከማጣሪያው በኋላ ባለው ቱቦ አረፋ፤ እንደ ዶቃ ተከታትሎ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ሞተሩ ተንተፋተፈ፣ ጠፋ።

ቆሜ አየሁት። በዚህ መኪና ሞተሩ ናፍጣውን ከታንኩ በማጣሪያው በኩል የሚስበው እንደ ልጅ በገለባ ነው። ገለባው ቢሰነጠቅ መጠጡ ወደ ውጭ አይፈስም፤ አየሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ሲቆም ደግሞ ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ ለዚህ ነው ጠዋት ሲነሳ ያንገራገረው! ወረቀቴ ሺህ ሌሊት ቢያድር ንጹሕ ነው። ይህ ፍሳሽ አይንጠባጠብም።

እንዴት ያለ የሚያምር ነገር ነው ብዬ ጮህኩ። ከዚያ የጮህኩበትን ነገር አስታወስኩና ቁልፉን እንድታወጣ ነገርኳት።

ታኅሣሥ 16፣ ቅዳሜ

ማጣሪያውን ፈታሁት።

ሁለት ቀለበት።

አንዱ አዲሱ ላይ ነው። ሌላው የብረቱ ራስ ውስጥ ተጣብቆ፣ ጠቁሮ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ። አዲሱ በአሮጌው ላይ ተንሸራቶ በአንድ ወገን ወጥቷል፤ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት አለ።

ጓሮ ሄጄ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። እኔ የፈታሁት አሮጌ ማጣሪያ ቀለበት የለውም።

የኅዳር 19ኙን ገጽ አነበብኩ። «በጥፍሩ ዙሪያውን ዳሰሰ፤ ጽዳት መሆን አለበት።» ሳይገባኝ ዝም ያልኩበት ይህ ነው። ገርባ በጥፍሩ የፈለገው አሮጌውን ቀለበት ነበር፤ እርምጃው ስምንት ነበር።

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ድንጋዩን እኔ አልወረወርኩም። መንገዱን እኔ አልዘጋሁም። ገርባን ሐሙስ እንዳይመጣ ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። ጀሪካኑን እኔ አልገዛሁም።

ይህን ዝርዝር ተማሪ ቢያመጣልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው። ጥያቄው ማጣሪያውን ማን ገጠመ የሚል ነው።

ታኅሣሥ 23፣ ቅዳሜ

የወይንሐረግ፦ «ያንን ቆርቆሮ ከመጻሕፍቱ ጀርባ ለምን ደበቅከው?»

«አልደበቅኩትም። አስቀመጥኩት።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሽታው እኮ አያስቀምጥህም።»

ታኅሣሥ 28፣ ሐሙስ፣ ገና

ዶሮው አልበላ አለኝ። ጣቢያ ለመሄድ ጫማዬን ጠርጌ ነበር። በዓል ነው፣ ሰው አይገኝም አልኩ። ጣቢያ በበዓልም ሰው ይገኛል።

ታኅሣሥ 30፣ ቅዳሜ

የገርባ እናት እማማ ተረፈች መጡ። ቁጭ በሉ ብንላቸው በር ላይ ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የሞተ ሰው ያለ ይመስል።

«ስንቅ ሳደርስ አየሁት» አሉ። «ከስቷል። 'ማን ገጠመው?' ይሉታል፤ ዝም ይላል። 'አንተ ነህ?' ይሉታል፤ 'አይደለሁም' ይላል። 'ታዲያ ማን?' ይሉታል፤ ዝም። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ የምታውቀው ካለ ለምን አትናገርም ብለው ተቆጣኝ።»

«ምን አለዎት?» አልኩ።

«'እማዬ፣ ያስተማረኝን ሰው ስም ጣቢያ አልጠራም። ደርሰው ይናገራሉ' አለኝ።» ቀና ብለው አዩኝ። «እኔ ማንበብ አልችልም፣ መምህር። ማን እንዳስተማረው ግን አውቃለሁ።»

የወይንሐረግ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሃያ አምስት ቀን። ሃያ አምስት ቀን ጠብቆኛል።

ጥር 2፣ ሰኞ

ጣቢያ ሄድኩ። ቆርቆሮውን፣ ሁለቱን ቀለበቶች፣ ይህን ደብተር ይዤ። መርማሪው ልጄ ሊሆን የሚችል ነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ገለባውን ጭምር።

«አባቴ፣ ተማሪዎን ለማዳን ነው የመጡት» አለ። «ደግ ነዎት። ቤትዎ ይግቡ።»

«ለማዳን አይደለም። እኔ ነኝ የገጠምኩት።»

«እሺ፣ ሽማግሌ ሰው ተሳሳተ እንበል። ባለንብረቱ ግን ሆን ብሎ ነው ብሎ በገርባ ላይ ፈርሟል። ሁሉም ሰው ሽማግሌ ይዞ እየመጣ ነው በዚህ ሰሞን። ከሳሹ ራሱ ቃሌን አንስቻለሁ ብሎ ከላከ ፋይሉን እዘጋዋለሁ። አለበለዚያ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ከሄደ ከእኔ እጅ ወጣ።»

«መቼ ይሄዳል?»

«ከጥምቀት በኋላ።»

ገርባን ለማየት ጠየቅኩ። አልፈቀዱም። ስወጣ በኮሪደሩ በኩል ድምፁን ሰማሁ፤ ለሌላ እስረኛ የሆነ ነገር ያስረዳል፣ ይስቃሉ። «ሲገባህ እጅ አውጣ» ሲል ሰማሁት።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ ተነገረ። ሰፈሩ ውስጥ አንዳንዱ እልል አለ፣ አንዳንዱ «እስቲ እናያለን» አለ። እማማ ተረፈች የወይንሐረግን፣ «ታዲያ ልጄም ይቀራል?» ብለው ጠየቋት።

የሱልጣን ስልክ ዝግ ነው። አሥራ አራት ጊዜ ደወልኩ።

ጥር 7፣ ቅዳሜ

ፈቲያ ልብስና ዕቃ ልትወስድ መጥታለች፤ ነገ ጠዋት ወደ ቡታጅራ ትመለሳለች። ደብተሩን በእሷ እጅ እልክልሃለሁ። እስካሁን ለራሴ የጻፍኩት ነበር፤ ከዚህ መስመር ጀምሮ ለአንተ ነው፣ ሱልጣን።

ኅዳር 30 ማጣሪያውን የገጠምኩት እኔ ነኝ። ገርባ «እንዳይነኩት» ብሎኝ ነበር። አሮጌውን ቀለበት ሳላወጣ በላዩ ገጠምኩ፤ «እጁ ይባረክ» ስትል ሰምቼ ዝም አልኩ፤ ጠዋት እነግረዋለሁ አልኩ፤ ጠዋት ሄድክ። ዳገቱ ላይ ያቆመህ ያ ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ ክንድህ ተሰብሮ፣ ገርባ ታስሮ፣ ከሃያ አምስት ቀን በላይ ዝም አልኩ። የመጀመሪያው ስሕተት ነው። የሁለተኛውን ስም አንተ ስጠው።

ሁለቱን ቀለበቶች በፖስታ አድርጌ ልኬልሃለሁ። ጠፍጣፋው አሮጌው ነው። በጣትህ ደራርባቸውና በአንድ ወገን እንዴት እንደሚንሸራተቱ እይ፤ እኔን አትመን፣ እሱን እመን። ወረቀቱም አለ። 10/10 የሚለውን አልሰረዝኩትም፤ እንድታየው ነው።

አዲስ ማጣሪያ ገዝቻለሁ፤ ካርቶኑን አልከፈትኩትም። የብረቱን ራስ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። እኔ አልገጥመውም። ገርባ ሲወጣ ይገጥመዋል፤ እኔ ደብተር ሳልይዝ፣ ሳላወራ ቆሜ አያለሁ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። «ማጣሪያውን የገጠመው ገርባ አይደለም፤ ሆን ብሎ ነው ያልኩትን አንስቻለሁ» ብለህ ጻፍ። ቀኝ እጅህ ካልታዘዘህ ፈቲያ ትጻፈው፣ አንተ በግራህ ፈርም፤ ያኔም የፈረምከው በግራህ ነው። በእኔ ላይ የምትለው ብዙ ይኖራል፤ በሌላ ወረቀት ጻፈው፣ ሁሉንም አነባለሁ፣ አልከራከርም። የገርባው ግን ይቅደም። ጥምቀት ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከቡታጅራ የሚነሳውን የሚኒባስ ሹፌር ፈቲያ ታውቀዋለች፤ ለእሱ ስጠው፤ እኔ ዓለም ገና መናኸሪያ ከንጋቱ ጀምሮ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

እባክህ ቶሎ መልስልኝ።